ድመት ነው ሌባ? ሌሊት ኮሽ ሲል የቱ ይሻላል

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነው። "ጓ!" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ በኩል አንድ ነገር መንኳኳት ጀመረ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ሰማህ?" አለች በሹክሹክታ። ሰምቻለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል። ወንድ ነኝ ብዬ ተነሳሁ። አልጋው ሥር የአካፋ እጀታ አለችኝ። እሷን ጨብጬ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ወጣሁ። መብራት አላበራሁም። ስልኬን ኮመዲኖ ላይ ትቼዋለሁ። በሩንም ከኋላዬ አልዘጋሁትም።

ሌባው ሮቶ ሆኖ ተገኘ። አራት ቀን ጠፍታ የከረመች ውሃ መጥታለች። መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ የታመቀው አየር ጓ ብሎ ወጣ። ከዚያ ውሃው ባዶውን ታንከር ይቀጠቅጠው ጀመር።

ያን ሌሊት ሳቅንበት። ጠዋት ቡና ላይ ግን ባለቤቴ ጠየቀችኝ። "እውነት ሌባ ቢሆን ኖሮስ?" አለች። "እኔና ልጁ በተከፈተ በር ውስጥ፣ አንተ ጨለማ ውስጥ፣ ስልኩ አልጋው አጠገብ።" መልስ አልነበረኝም። ቡናዬን ጠጣሁ።

ሌሊት ኮሽ ሲል ሰው የሚያደርገው ነገር ቢበዛ አምስት ስድስት ነው። ዝም ብሎ ያዳምጣል። መብራት ያበራል። "ማነው!" ይላል። ስልክ ይደውላል። ይጮሃል። ወይም እንደኔ ዱላ ይዞ ይወጣል። የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም የራሱን ጀብድ ያወራላችኋል። እኔ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሁሉንም በሁለት ጥያቄ ነው የምመዝነው። ድምፁ የድመት ከሆነ ይህን ማድረጌ ምን ያስከፍለኛል? የሌባ ከሆነስ? በሁለቱም በኩል ርካሽ የሆነውን አስቀድማለሁ። በአንዱ በኩል ነፍስ ሊያስከፍል የሚችለውን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ቆርቆሮው ነው ወይስ ሰው?

ከምርጫው በፊት ጆሮን ማሠልጠን ይጠቅማል። አብዛኛው የሌሊት ድምፅ የቤቱ የራሱ ነው። ቀን ላይም አለ፤ የመኪናው ጩኸት ስለሚውጠው ነው የማንሰማው።

ቆርቆሮን እንውሰድ። አዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀን ሲግል የዋለ ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲቀንስ በየሜትሩ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ምንም አይመስልም። ግን 6 ሜትር ርዝመት ያለው ጣሪያ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ማጠር አለበት። ምስማሩ ይዞታል፣ ቆርቆሮው ይጎትታል። ድንገት ሲለቀው "ቷ!" ይላል። ልክ ድንጋይ የተወረወረ ነው የሚመስለው። አንዴ ብሎ ዝም ካለ፣ ቆይቶ ሌላ ጥግ ላይ ከደገመው፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት ከሆነ፣ ቆርቆሮ ነው። ተኙ።

ኮርኒስ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሯሯጥና የሚቧጭር አይጥ ነው። ዱብ ብሎ ቆርቆሮ ላይ የሚራመድ ድመት ነው። የድመት ጠብ ደግሞ ሕፃን የሚያለቅስ ይመስላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው ክው ይላል። ዶሮ የምታረቡ ከሆነ ሸለምጥማጥም አለ። እሱን ዶሮዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ከተማው ዳር ያላችሁ ሰዎች ጅብንም ቁጠሩበት። ቆሻሻ ሲጎረጉር ከሰው የበለጠ ያንኳኳል።

የሰው ድምፅ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሰው እየሰማ ነው የሚሠራው። ኮሽ ያደርግና ይቆማል። የነቃ ሰው እንዳለ ያዳምጣል። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ይቀጥላል። ብረት ብረትን ሲነካ፣ ጠጠር በሁለት እግር ሲረገጥ፣ የታፈነ ሳል፣ የበር እጀታ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ እነዚህን ድመት አታደርጋቸውም። ውሻ ካለ ደግሞ ጩኸቱን ለዩት። የሰፈሩ ውሾች በኅብረት የሚዘምሩት የዘወትር ጨዋታ ነው። ውሻችሁ ብቻውን ወደ አንድ ጥግ ዞሮ ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ግን አንድ ነገር አይቷል።

አንድ ሌላ ምልክት። መብራት ሲጠፋ በመጋረጃው ጥግ የጎረቤትን ቤት እዩ። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ የተለመደው ነገር ነው። የእናንተ ብቻ ከጠፋ ግን፣ በተለይ ቆጣሪው ውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ፊውዙ ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ሰውም አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ለማስተካከል የሚወጣ ሰው አልመክርም።

ተኝቶ ማዳመጥ

ድመት ከሆነ ምንም አያስከፍልም። ሌባ ከሆነ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ልክ አለው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ። ከከባድ እንቅልፍ ድንገት የተነሳ ሰው አእምሮው ወዲያው አይመለስለትም። ቁልፍ ቦታ ይረሳል፣ በር ይጋጫል፣ ወንበር ላይ የተሰቀለ ካፖርት ሰው ይመስለዋል። ሁለቷ ደቂቃ ለጆሮ ብቻ ሳትሆን ለጭንቅላትም ናት። ከዚያ በላይ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ "ይሄድ ይሆናል" ማለት ምርጫ አይደለም።

መብራትና ድምፅ

ለእኔ አንደኛው ይሄ ነው። ድመት ከሆነ አምፖል ያስበራችኋል፣ በቃ። ሌባ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው እዚያው ያበቃል። የሌሊት ሌባ በጥቅሉ የሚፈልገው ዕቃ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚጠላው መታየትን ነው። የነቃ ቤት ካጋጠመው የተኛ ቤት ይፈልጋል።

ግን የትኛውን መብራት? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከእንቅልፉ እንደባነነ የመኝታ ቤቱን አምፖል ያበራና መጋረጃ ገልጦ ወደ ውጭ ያያል። ውስጡ ብርሃን፣ ውጭው ጨለማ ሲሆን መስታወቱ ለእናንተ መስታወት ይሆናል። የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። እሱ ግን እናንተን ከነፒጃማችሁ ያያችኋል። መጀመሪያ የሚበራው የውጭው ነው። የውስጡ ይቆይ።

ችግሩ በብዙ ቤት የውጭ መብራት ማብሪያው ውጭ በረንዳ ላይ ወይም ሳሎን በር ጋ መሆኑ ነው። ለኤሌክትሪሻን ትንሽ ሥራ ናት፤ ማብሪያዋን መኝታ ቤት፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ማምጣት። እኔ ከዚያች የሮቶ ሌሊት በኋላ ያሠራሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ተከራይ ሆናችሁ አከራዩ ሽቦ አትንኩ ካላችሁ ደግሞ መላ አለ፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ድምፅን በተመለከተ ከአክስቴ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። ደሴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሌሊት አንድ ነገር ኮሽ ሲል "ማነው!" አትልም። "ማነው!" ብቻዬን ነኝ፣ ፈርቻለሁ ማለት ነው ትላለች። እሷ መብራቷን ታበራና ጮክ ብላ፣ በሰለቸ ሰው ድምፅ፣ "እናንተ ልጆች፣ ተነሱ እስቲ፣ ውጭ የሆነ ነገር አለ!" ትላለች። ልጆች የሉም። አንዱ ጀርመን ነው፣ ሌላዋ ሐዋሳ። ከዚያ ወፍራም ሳል ታስላለች። ሳሉን የሟቹ ባሏ ነው የምትለው። አንድ ጊዜ አብሬያት አድሬ ሰማሁት። እኔ ራሴ ሰውየው የተመለሰ መሰለኝ።

ስልክ

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚባለው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ አይደለም። ጎረቤት የናንተን ጣሪያና የናንተን አጥር ከራሱ መስኮት ያያል። እናንተ አታዩትም። ስለዚህ መጀመሪያ የምደውለው ለጎረቤት ነው። ከጎናችን ካሉት እትዬ ጋር ስምምነት አለን። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ አንድ ሚስኮል ማለት "በመስኮት ይዩልን" ነው። ሁለት ሚስኮል ከሆነ "መብራት ያብሩና ይጩሁ"። በዓመት ሁለቴ ቢያጋጥመን ነው። አንዴ እሳቸው ደውለውልኝ አየሁ። ድመት ነበር። "ድመት ነው እትዬ፣ ይተኙ" አልኳቸው። "ተባረክ" ብለው ዘጉት። ለዚህ ማንም አልተቀየመም።

ሌላው 991 ነው፤ የአዲስ አበባ ፖሊስ ቁጥር። መቼ ይደወላል? በር ወይም መስኮት እየተሰበረ ከሆነ፣ ከአንድ ሰው በላይ ካለ፣ መሣሪያ ካያችሁ፣ ወይም ሰው ቤት ውስጥ ከገባ ጥያቄ የለውም፤ ወዲያው። ለኮሽታ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ መብራቱንና ጎረቤቱን ሞክሩ። የደወላችሁ ጊዜ ግን ትልቁ ጣጣ አድራሻ ነው። በእኛ ሰፈሮች የቤት ቁጥር ተናግሮ የሚያገኛችሁ የለም። "ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር" ነው ነገሩ። በድንጋጤ መካከል ይሄን ማቀናበር ያቅታል። ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ከዋናው መንገድ ያለውን ምልክትና የበሩን ቀለም በወረቀት ጽፋችሁ አልጋው አጠገብ ለጥፉት። የቤት ሠራተኛዋም ልጆቹም ማንበብ ይችላሉ። የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ ቀጥታ ቁጥርም በቀን ሄዶ መጠየቅና ስልክ ላይ መያዝ አይከፋም።

ስልክ ሳሎን ቻርጅ ላይ አድሮ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ወሬ ነው።

"ሌባ! ሌባ!"

ይሄ አገራዊው መሣሪያችን ነው። ሰፈር ሙሉ ያነቃል። ሌባ እግሬ አውጪኝ ይላል። ኃይሉን አልክድም። ዋጋው ግን በድመቱ በኩል ነው የሚከብደው።

ልጅ ሆኜ የነበርንበት ሰፈር አንድ ሰው ሰክሮ የሌላ ሰው በር ይነቀንቃል። የራሱ ቤት መስሎት ነው፤ የቆርቆሮ በሮቹ ይመሳሰላሉ። ከውስጥ አንዷ "ሌባ!" አለች። ከየግቢው ዱላ ይዞ የወጣው ሰው "አንተ ማነህ?" ብሎ የጠየቀው የለም። ሰውየው ሦስት በር አልፎ ያለ ጎረቤታችን መሆኑ የታወቀው መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ዳነ፤ ግን አንድ ዓይኑ እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ወዲያ የጮኸችው ሴትዮ በዚያ መንገድ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ነበር። የደቦ ፍርድ የሚጀምረው ከአንድ ቃል ነው።

መጮህ ካለባችሁ፣ ጊዜው ሲያስገድድም መጮህ ነው፣ ቃሉን ለውጡት። "ጎረቤት! ድረሱልኝ!" በሉ። ሰው ያነቃል፣ መብራት ያስበራል፣ ሌባውንም ያባርራል። ግን ማንንም "ያዘው፣ በለው" አይልም። በሩ እንደተቆለፈ ከመስኮት መጮህ እንጂ ወጥቶ መጮህ አይደለም።

መውጣት

የእኔ ምርጫ የነበረው። ድመት ከሆነ ብርድ ትቀምሳላችሁ። ሌባ ከሆነ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። እሱ ጨለማውን ለምዶታል፣ እናንተ አሁን ነው ከአልጋ የወረዳችሁት። እሱ ስንት እንደሆነ አታውቁም። ዱላችሁ ቢነጠቅ የሱ ዱላ ነው። ለስፖኪዮ፣ ለውሃ ቆጣሪ፣ ለገመድ ላይ ልብስ ብሎ ነፍሱን የሚያስይዝ ሰው ሒሳብ አያውቅም። ስፖኪዮ መርካቶ ይሸጣል።

"እኔ ሽጉጥ አለኝ" የሚል አይጠፋም። የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው። ፈቃድ ቢኖርም በጨለማ ውስጥ የሚተኮስ ጥይት ሌባን ከጎረቤት ልጅ አይለይም። ሕጉንም አብሮ ማወቅ ጥሩ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላን ከጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል፤ መከላከሉ ግን ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ስላለፈ መከላከል ነው የሚያወራው። አጥር ዘሎ የሚሸሽን ሰው ተከትሎ መደብደብ መከላከል አይባልም። ጠዋት ጣቢያ ቃል የምትሰጡት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

መውጣት ግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። የውጭ መብራት በርቷል፣ ድምፅ አሰምታችኋል፣ ጎረቤት በመስኮት አይቶ "ማንም የለም" ብሏችኋል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ከኋላችሁ በሩን ይቆልፋል። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ባትሪ በእጅ። አሁንም ሰው ብታገኙ መውጫውን አትዝጉበት። የተዘጋበት ሌባ ነው ሰው የሚወጋው።

ሰውየው ቀድሞ ቤት ውስጥ ገብቶ ከሆነስ? ሳሎን ውስጥ እግር ከሰማችሁ ሳሎን አትሂዱ። ልጆቹን ወደ አንድ ክፍል ሰብስቡ፣ ቆልፉ፣ ቁምሳጥኑን ወደ በሩ ግፉ፣ ደውሉ። ጮክ ብላችሁ "ፖሊስ ደውያለሁ" በሉ። ቴሌቪዥኑን ይውሰድ።

መቆለፍ የማይሠራበት ሌሊት

እስካሁን በር ቆልፉ ስል ቆየሁ። ሁለት ድምፆች ግን ተቃራኒውን ይፈልጋሉ። አንደኛው ከማድቤት "ፍስስስ" የሚል ድምፅ ከጋዝ ሽታ ጋር ነው። ያን ጊዜ አንደኛ ያልኩት ምርጫ፣ ማለትም መብራት ማብራት፣ የመጨረሻው መጥፎ ምርጫ ይሆናል። የማብሪያዋ ብልጭታ ትበቃለች። አታብሩ፣ ያለውንም አታጥፉ፣ ክብሪት አትጫሩ። ደርሳችሁ ሲሊንደሩን መዝጋት ከቻላችሁ ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ፣ ስልኩንም ውጭ ሆናችሁ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ከቆጣሪው ወይም ከሶኬት የሚመጣ መንጣጣትና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው።

ለዚህ ነው መስኮት ላይ ያለው ፍርግርግ ብረት ሁሉ በብየዳ የተዘጋ መሆን የሌለበት። ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ ቁልፉም ሁሌም አንድ ቦታ ይኑር። ሌባን ሲፈራ ራሱን ያሰረ ቤት ብዙ ነው።

ኮንዶሚኒየም

እዚህ ሒሳቡ ይቀላል። ጣሪያ የለም፣ አጥር የለም፣ መግቢያው አንድ በር ነው። ድምፁ ግን ያታልላል። ኮንክሪት ድምፅ ያስተላልፋል። አራተኛ ፎቅ የተጎተተ ወንበር ሁለተኛ ፎቅ ያለ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ይመስለዋል። ጀሞ ስንኖር ለሦስት ወር ሌሊት ሌሊት የሚንከባለል ነገር እንሰማ ነበር። የላይኛው ቤት ሰውዬ ከማታ ፈረቃ ሲገባ የሚጎትታት ባለ ጎማ ሻንጣ ናት።

ትክክለኛው አደጋ የሚመጣው በማንኳኳት ነው። ሌሊት በር ቢንኳኳ በማያ ቀዳዳዋ ማየት እንጂ መክፈት የለም። "ውሃችሁ ታች ቤት እየፈሰሰ ነው" ቢልም። ታች ቤት ያሉትን በስልክ ጠይቁ። ለብሎኩ ጥበቃ ደውሉ። የብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከመዋጮ ጭቅጭቅ ቢተርፍ።

ቀድሞ የሚገዛውስ?

ሰው ከደነገጠ በኋላ ቀጥሎ የሚያስበው ግዢ ነው። ውሻ? ዘበኛ? ካሜራ?

ውሻ ጥሩ ጆሮ ነው። ደመወዝ አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ግን ድመትንም፣ ጅብንም፣ ለማኅሌት የሚሄዱትን ሰዎችም እኩል ነው የሚጮህባቸው። ከጊዜ በኋላ እናንተ ማዳመጥ ታቆማላችሁ። የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ያስፈልገዋል። ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም። ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርገው የሚወረውሩ ሌቦችም አሉ።

ዘበኛ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይተኛል። የአከራያችን ዘበኛ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ተከናንበው ነው የሚያድሩት። አንድ ሌሊት በመስኮት "አባባ! አባባ!" ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተጣራሁ። መልስ የለም። ጠዋት "አባባ፣ ሌሊት ስጣራ አልሰሙም እንዴ?" ስላቸው "ሰምቼ ነበር እኮ ልጄ" አሉኝ። "የአንተ ድምፅ ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት።" ምን ይባላል? የስልካቸውን ቁጥር ተቀብዬ ጥሪውን ከፍተኛ ላይ አደረግኩላቸው። ሰፈሩ በጋራ ቀጥሮ ፊሽካ እየነፉ የሚዞሩ ጥበቃዎች ያሉበት ከሆነ ግን ገንዘቡን እሱ ላይ አውሉ። የሚዞር ሰው አይተኛም። ፊሽካዋም ለሌባው ትናገራለች።

ካሜራ ለጠዋት ነው። ማን እንደመጣ ያሳያችኋል። ስልክ ላይ የሚታይ ከሆነ ለሌሊትም ይጠቅማል፣ መጋረጃ ከመግለጥ ያድናችኋል። ያለ መብራትና ያለ ኢንተርኔት ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። ባትሪ ያለው ካልገዛችሁ ባትገዙ ይሻላል።

እኔ የመረጥኩት በሶላር የሚሠራ፣ ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚበራ መብራት ነው። ቅድም መላ አለ ያልኳችሁ ተከራዮች፣ እሱ ነው መላው። ሽቦ አይፈልግም፣ በሁለት ምስማር ይሰቀላል፣ ስትለቁ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። መብራት ኃይል ሲያጠፋም ይሠራል። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሚያንሰው ይደክማል፣ ድመትም ያበራዋል። ድመት ቢያበራው ግን ድመቷን አያችኋት ማለት ነው። እንዲያውም ጥሩ ነው። አንዱን ወደ በሩ፣ አንዱን ወደ ጓሮ አድርጌዋለሁ። ፊቱን ወደ መኝታ ቤት መስኮት አታዙሩት እንጂ።

ውጭ አገር ላላችሁ

እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። አንድ ጊዜ በእነሱ ሌሊት ደወለችልኝ። "ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጢው ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጢው ይላል" አለች። ልጆቿን ይዛ መታጠቢያ ቤት ቆልፋለች። የጭስ ማስጠንቀቂያው ነበር። ባትሪው ሲደክም በየደቂቃው ገደማ እንደዚያ ይላል። ሌሊት የሚጀምረውም ቤቱ ሲቀዘቅዝ የደከመ ባትሪ ጉልበቱ ይበልጥ ስለሚወርድ ነው። የዚያ አገር የእንጨት ቤትም እንደኛ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል።

አሜሪካ ላይ ግን ከአዲስ አበባው አንድ ነገር ይለያል። ዱላ ይዞ ጎረቤት ግቢ ዘልቆ ማየት የለም። ጎረቤቱ ያልጠበቀውን ሰው በጠመንጃ ሊቀበል ይችላል። ቤት ቆልፎ 911 ነው። አውሮፓ 112፣ እስራኤል ለፖሊስ 100፣ ኤምሬቶች 999። ቋንቋው ገና የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አድራሻችሁን በዚያው ቋንቋ ጻፉና ለጥፉት። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት እሱን ብቻ ብታነቡላቸው ሰው ይመጣል።

እኛ ቤት

የአካፋዋ እጀታ አሁንም አልጋው ሥር አለች። ባለቤቴ አውጣት ብትለኝም አላወጣኋትም። ግን ከሷ በፊት የሚመጣ ነገር በዝቷል። ራስጌዬ ላይ ስልክና ባትሪ አለ። ግድግዳው ላይ የውጭ መብራት ማብሪያና አድራሻ የተጻፈባት ወረቀት።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጓሮው እንደገና "ጓ!" አለ። እጄን ዘርግቼ የውጭውን አበራሁ። ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ከዚያ መንኳኳቱ ጀመረ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ውሃ መጣ" አለች። "ጀሪካኖቹን ሙላ።"